የወጨጫ አዛውንት ጥዶች

ከሰበታ አለፍ ብሎ በወጨጫ ተራራ ጎን የተንጣለለው የመናገሻ ሱባ ደን የሚታወቀው በአሮጌ ጥዶቹ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ችግኝ አስመጥተው አስተከሉበት።

ትውፊት ነው፤ ሆኖም የጥዱ ጠባይ ይደግፈዋል። የሐበሻ ጥድ ብርሃን ይወዳል፣ በሌላ ዛፍ ጥላ ሥር ችግኙ አይገፋም። ዛሬ ሰማይ የሚጋርዱት ዛፎች ሲበቅሉ ስፍራው ገላጣ ነበር ማለት ነው። ያራቆተው እሳት ይሁን ምሳር፣ ዛፉ አይናገርም።

ዕድሜያቸው ስንት ነው? ከአራት መቶ ዓመት በላይ የሚሏቸው አሉ። የዛፍ ዕድሜ በግንዱ ውስጥ ካሉት ቀለበቶች ይቆጠራል፤ በእኛ ደጋ ግን ቆጠራው እንዲህ ቀላል አይደለም። ጥድ በበጋ ድርቅ እድገቱን ይገታል፣ በክረምት ይቀጥላል፣ ቀለበቱም በዚሁ ይበጃል። በልግ ዘንቦ መልሶ ካባራ ግን በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊወጣው ይችላል። ቀለበት ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ዛፉን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል።

እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም። ለቤት ምሰሶ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለአጥር ሲፈለግ የኖረው፣ ጠላትም ያበዛበት ለዚህ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያለውን ደን ለማገዶና ለግንባታ በላችው። እንጨት ቢቸግራቸው ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን በውኃ ጠጪነቱ መውቀስ ልማድ ሆኗል፤ ለጥዱ ግን ባለውለታ ነው፣ የምሳሩን ጫና ተካፍሎለታልና። ምኒልክም የመናገሻን ደን ያስጠብቁት ነበር።

ሽቅብ ሲወጣ ደኑ ይለዋወጣል። ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ተደባልቀው ይቆማሉ፤ ከዚያ ኮሶው ይመጣል፤ 3,385 ሜትር ከፍታ ወዳለው ጫፍ ሲቃረቡ ቦታውን አስታና ጅባራ ይይዙታል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ የምኒልክ ድኩላም ከቁጥቋጦው ብቅ ይላል።

ችግሩ ያለው ከአዛውንቱ ሳይሆን ከልጆቻቸው ነው። ምሳርን መከልከል የቆሙትን ያቆያል እንጂ ጥድ አያበቅልም። ተተኪው የሚነሣው አንድ ግዙፍ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ሲገባ፣ ያውም ከብት ካልረገጠው ነው። ጥላው ባልተከፈተበት ከሥር እየመጡ ያሉት ዝግባና ወይራ ናቸው።