የቴሌግራሙ ድምፅ ትንሿ ሬዲዮ ላይ ለምን ዝም ይላል?

ኮሶዬ ላይ በስልክ የተቀዳ የማሲንቆ ጨዋታ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሆኖ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። ያው ድምፅ ሚሞሪ ላይ ተገልብጦ ዳባት ወይም ደባርቅ ገበያ ከተገዛች ትንሽ ሬዲዮ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ሬዲዮዋ ፋይሉን ዘላ ወደሚቀጥለው ዘፈን ታልፋለች። ሚሞሪው አልተበላሸም፣ ድምፁም አልጠፋም። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት የሚቀመጠው ኦፐስ በሚባል ፎርማት ነው፤ ሬዲዮዋ ደግሞ የተሠራችው በዋናነት ለኤምፒ3 ነው።

ፍላሽና ሚሞሪ የምትቀበለው ይህች ማጫወቻ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ቀላል ዕቃ አይደለችም። መብራት ባልገባበት ቀበሌ በፀሐይ ኃይል ትሞላለች፤ ከከብት ጠባቂው ጋር ትውላለች፤ ማታ ስብከትና መዝሙር፣ በሠርግ ሰሞን ዘፈን ታሰማለች። ኢንተርኔት አትፈልግም። ስለዚህ የምታነበውና የማታነበው ፎርማት ሰዎች የሚሰሙትን ይወስናል።

ሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ በቁጥር የተጻፈ ድምፅ ነው። አንዱ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ኤምፒ3 ጆሮ የማይለየውን እየተወ ይህን ወደ አንድ ሜጋባይት ገደማ አወረደው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን የሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም በሥራው ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ጥበቡ ግን በፓተንት የተጠበቀ ነበር። ድምፁን የሚፈታ መሣሪያ የሚያመርት ኩባንያ ለእያንዳንዱ ዕቃ 75 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፍል ነበር። በ1998 ተቋሙ ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩትንም ክፍያ እንደሚጠይቅ ሲያሳውቅ፣ ክሪስ ሞንትጎመሪ የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራመር ማንም ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ የሚጠቀምበትን ቮርቢስን ወደ መሥራት ፊቱን አዞረ። ኦግ በሚባለው ማኅደር የሚቀመጠው ቮርቢስ 1.0 በሐምሌ 2002 ወጣ።

ፎርማቱ ቢወጣም ኪስ ውስጥ የሚገቡት ማጫወቻዎች አላነበቡትም። የመጀመሪያው ቮርቢስ በነጥብ ቁጥሮች ያሰላ ስለነበር የርካሽ ማጫወቻዎች ቺፕ አልቻለውም። የሞንትጎመሪ ቡድን በዚያው ዓመት ትሬሞር የተባለውን፣ በሙሉ ቁጥር ብቻ የሚያሰላ መፍቻ በነፃ ለቀቀ። በ2003 የወጣው ሪዮ ካርማ የተባለ ማጫወቻ ቮርቢስን ብቻ ሳይሆን ድምፅን ምንም ሳይቀንስ የሚያጥፈውን ፍላክንም ተቀብሎ መጣ።

አምራቹ እምቢ ሲልስ? እዚህ ላይ ሮክቦክስ የሚባለውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢዮርን ስቴንበርግ፣ ዳንኤል ስቴንበርግና ሊነስ ኒልሰን ፌልትዚንግ የተባሉ ስዊድናውያን አርኮስ ጁክቦክስ ማጫወቻ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር አላረካቸውምና በ2001 መጨረሻ የራሳቸውን ጀመሩ። የአርኮስ ቺፕ ኤምፒ3ን የሚፈታው በራሱ ውስጥ በተቀረጸ መንገድ ነበር። ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል ቢሻሻል ቮርቢስን ሊያጫውት አልቻለም። ሮክቦክስ ወደ አይሪቨር፣ ቀጥሎም ወደ አይፖድና ወደ ሳንዲስክ ሳንሳ ማጫወቻዎች ሲሸጋገር ግን ነገሩ ተለወጠ። እነዚህ ድምፅን የሚፈቱት በፕሮሰሰራቸው ስለሆነ አዲስ መፍቻ መጻፍ ብቻ በቂ ሆነ። አፕል ፍላክንና ቮርቢስን ባልፈቀደበት አይፖድ ላይ ሁለቱም ተጫወቱ። ሮክቦክስ ሜኑውን ጮክ ብሎ ስለሚያነብ ዓይነ ስውራንም ማጫወቻቸውን ያለ ረዳት መጠቀም ቻሉ። ይህን የመሰለ አገልግሎት በፈቃደኞች ጉልበት መገንባቱ ሊደነቅ ይገባል።

ለአማርኛ ሰሚ ሌላም ቁም ነገር አለ። የመጀመሪያው የኤምፒ3 ርዕስ መያዣ 30 ባይት ብቻ ነበረው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ «የኮሶዬ ማሲንቆ ጨዋታ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ርዕሱ «ጨ» ላይ ይቆረጥበታል። በኋላ የወጡት የኤምፒ3 መያዣዎች ይህን አስተካክለዋል፣ ርካሽ ማጫወቻዎች ግን ዛሬም ስሙን በጥያቄ ምልክት የሚያሳዩበት ጊዜ ብዙ ነው። ቮርቢስና ፍላክ ርዕስ በዩኒኮድ እንዲጻፍ ከመጀመሪያው የደነገጉ ናቸው፤ ርዝመትም አይሰፍሩም።

በመስከረም 2012 የጸደቀው ኦፐስ የቮርቢስ ታናሽ ነው። ከስካይፕ፣ ከሞዚላና ከሞንትጎመሪ ድርጅት ዚፍ በመጡ ባለሙያዎች የተሠራ ነው። አንድ ሰዓት ንግግር በሴኮንድ 24 ኪሎቢት በሚወስድ ኦፐስ 11 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ግን ወደ 58 ሜጋባይት ይደርሳል። የሞባይል ዳታ በብር ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የኤምፒ3 ፓተንት ፈቃድ በሚያዝያ 2017 አብቅቷል፤ ዛሬ እሱም ነፃ ነው። ችግሩ አሁን ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ቺፖች ናቸው። እንደ ድሮው አርኮስ የሚያነቡት ፎርማት ፋብሪካ ውስጥ ስለሚወሰን ሮክቦክስ አይጫንባቸውም። ደባርቅ ያለ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ቪኤልሲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የኤምፒ3 ቅጂ አውጥቶ ሬዲዮዋ ላይ መጫን ነው። በእያንዳንዱ ቅየራ ድምፁ ጥቂት ስለሚጎዳ ዋናውን ፋይል መሰረዝ አይገባም። ሁለተኛው ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክን ማጫወቻ ማድረግ ነው፤ አንድሮይድ ቮርቢስን ከጥንቱ፣ ኦፐስን ደግሞ በ2014 ከወጣው አንድሮይድ 5 ጀምሮ ያነባል።

የአያትን ቀረርቶና ፉከራ፣ የመሪጌታን ዜማ፣ የአልቃሽን ሙሾ ለመቅዳት ያሰበ ደግሞ ከተቻለ በፍላክ ይቅዳ። ሲጠናቀቅ የጥራት ጉድለት የሌለው ዋና ቅጂ ይኖረዋል፤ ለሬዲዮ፣ ለስልክም ሆነ ለቴሌግራም የሚሆነውን ከዚያ ማውጣት ይችላል።

አዲስ ማጫወቻ የምትገዙ አንባቢዎች ሚሞሪያችሁ ላይ አንድ የቴሌግራም የድምፅ መልእክትና አንድ የፍላክ ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አስጫውቱት፤ ካልተጫወተ የሚያነብ ዕቃ እንዲያመጡላችሁ ባለሱቁን ጠይቁ።