ስለገጠመ ብቻ አይሠራም፦ ስለ ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር የገዢዎችን አስተያየት እንዴት እናንብብ?



ኮምፒዩተር ለማደስ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ሌሎች ገዢዎች ስለ ዕቃው የሰጡትን አስተያየት ማንበብ ነው። ታዲያ ስለ አንድ ማዘርቦርድ አንዱ «ግሩም ዕቃ ነው» ሲል፣ ሌላው ስለዚያው ዕቃ «ገንዘቤን አቃጠልኩ፤ ጭራሽ አልነሣም አለኝ» ይላል። ማንን እንመን? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለእጩ መምህራን እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት አሮጌው ኮምፒዩተር ሲበላሽ «እስቲ እናንተ የተማራችሁት፣ የትኛውን እንግዛ?» ተብለን የምንጠየቀው እኛው ነን። የትምህርት ቤት ገንዘብ ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከመሠረቱ እንጀምር። ማዘርቦርድ የኮምፒዩተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትና እርስ በርስ የሚገናኙበት ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰር ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ሲሆን፣ በሰሌዳው ላይ ሶኬት በሚባለው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱ ተስማምተው እንዲሠሩ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

አንደኛው መቀመጫው ራሱ ነው። ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ኩባንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይዘን የተሰኙትን ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ የተጠቀመበት ሶኬት ኤ.ኤም.4 ይባላል። ፕሮሰሰሩ 1331 ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ ሶኬቱም ያንኑ ያህል ቀዳዳ። እግርና ቀዳዳ ካልገጠሙ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ቺፕሴት ነው፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር የሚያገናኘው ረዳት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንቴል በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 1151 መገናኛ ሶኬት በ2017ም ቅርጹ አልተለወጠም። ዳሩ ግን በ2017 የወጣው ስምንተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ባለ 300 ቁጥር ቺፕሴት ያለው ሰሌዳ እንዲፈልግ ተደርጎ ተሠራ። ባለ 100 እና ባለ 200 ቁጥር በሆኑት ቀደምት ሰሌዳዎች ላይ ይገባል እንጂ አይነሣም!

ሦስተኛው ባዮስ ነው። ይህ በሰሌዳው ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ፣ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ፕሮሰሰሩን ካላወቀው አያስነሣውም። በጁላይ 2019 እ.ኤ.አ. ራይዘን 3000 የተባሉት ሲወጡ፣ መደብር ውስጥ የቆየ ቢ450 ሰሌዳ የገዙ ሰዎች ይኸው ደረሰባቸው። ያው ሰሌዳ ግን ባዮሱ ሲታደስ ይነሣ ነበር። እንግዲህ ያመሰገነውም ያማረረውም እውነቱን ነው የተናገረው፤ የተለያየው የባዮሱ እትም ብቻ ነው። ችግሩ ደግሞ ባዮሱን ለማደስ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ የቀድሞ ፕሮሰሰር ማስፈለጉ ነው። ያለ ፕሮሰሰር ማደስ የሚያስችል ቁልፍ ያላቸው ሰሌዳዎች ጥቂት አይደሉም፤ መኖሩን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ነው።

አራተኛው ኃይል ነው። ይህኛው ከፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው። በሶኬቱ ዙሪያ ያሉት የኃይል መቆጣጠሪያዎች ደካማ ከሆኑ፣ ከባድ ፕሮሰሰር ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ይግላሉ፤ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለምሳሌ ራይዘን 5 3600 ባለ 6 ኮርና ባለ 65 ዋት ሲሆን፣ ራይዘን 9 3950ኤክስ ባለ 16 ኮርና ባለ 105 ዋት ነው። በመጀመሪያው ተጠቅሞ «ሰሌዳው ፈጣን ነው» ያለ ሰው፣ ለሁለተኛው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሰሌዳ ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበትም ጊዜ አለ። በኤ.ኤም.4 ላይ ከሚቀመጡት ራይዘኖች መካከል ሥዕል ወደ ስክሪን የሚያወጣ ክፍል በውስጣቸው ያላቸው በስማቸው መጨረሻ «ጂ» የተጻፈባቸው ናቸው። ሌላውን ገዝቶ የግራፊክስ ካርድ ያልጨመረ ሰው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር «ማዘርቦርዱ የሞተ ነው» ብሎ ይጽፋል።

ይህን ስንል የገዢ አስተያየት ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በሜይ 2020 እ.ኤ.አ. ኤ.ኤም.ዲ. ቀጣዩ ትውልድ ፕሮሰሰር በቢ450 እና በኤክስ470 ሰሌዳዎች ላይ እንደማይሠራ አስታወቀ። ምክንያት ያደረገውም የባዮሱ ቺፕ መጥበብ ነው፤ በብዙዎቹ ሰሌዳዎች ላይ ያለችው ቺፕ የምትይዘው 16 ሜጋባይት ብቻ ነበርና። ገዢዎች ግን «ለወደፊቱም ይሆናል ብለን እኮ ነው የገዛነው» ብለው ተቃወሙ። ኩባንያው በዚያው ወር ውስጥ ሐሳቡን ለወጠ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዚያም ለቀደሙት ባለ 300 ቁጥር ሰሌዳዎች ተፈቀደ። በዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ሰሌዳ ሳይለውጥ ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሮ ኮምፒዩተሩን ለማፍጠን ቻለ።

ስለሆነም አስተያየት ስናነብ የምስጋናውን ወይም የእሮሮውን ብዛት አንቁጠር። ጸሐፊው የትኛውን ፕሮሰሰር ነው የሰካው? የሰሌዳው ሙሉ ስም ማን ነው? የባዮሱ እትም ስንት ነበር? መቼ ነው የጻፈው? ምን ዓይነት ሥራ ሲሠራበት ነው ፈጠነ ወይም ተጎተተ ያለው? ብለን እንጠይቅ። ከዚያም የሰሌዳው ሠሪ ያወጣውን የሚስማሙ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር እንይ፤ በዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ጎን የሚያስፈልገው የባዮስ እትም ተጽፏል።

እኛ መምህራን ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ ሲያመጣ «አሠራሩስ የታለ?» እንላለን። ለአስተያየት ሰጪም ጥያቄያችን ይኸው ነው። ነገ እኛም ገዝተን አስተያየት ስንሰጥ አሠራሩን ጭምር ብንጽፍ፣ ከእኛ በኋላ የሚገዛው ትምህርት ቤት ገንዘቡን አያባክንም።