ስለ ቤት መዝገብና ስለ ፈሰሰው ዘይት

ሰው በደኅና ዘመን ስለ ራሱ ጠባይ ያለው ግምት ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የራቀ ነው። ጓዳው ሙሉ፣ መንገዱም ሰላም ሲሆን ለጋስ ነኝ፣ ታጋሽ ነኝ ቢል የሚከራከረው አይገኝም። እኔም ለመንግሥት ሥራ ወደ አሶሳ ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ራሴ የነበረኝ ግምት ይኸው ነበር። ግምቴ እንዴት እንደ ፈረሰ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቻለሁ፤ ነገሩ የሚያኮራ ስላልሆነ ግን እስከ ዛሬ ዘገየሁ።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ የሆነችው አሶሳ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አገሩ ለም ነው፤ ማሽላው፣ ማንጎውና ቀርከሃው የታወቀ ነው። ነገር ግን ዘይትና ስኳር፣ ሳሙናና ሌላውም የፋብሪካ ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው በዚያው መንገድ ነውና፣ መንገዱ ሲታመም ከተማይቱም አብራ ትታመማለች። የሩቅ አገር መንገድ ችግርስ አዲስ አይደለም፤ በ1933 ዓ.ም. በመጋቢት ወር አሶሳን ከኢጣልያኖች ያስለቀቀው ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር፣ ኋላ ወደ ጋምቤላና ወደ ደምቢ ዶሎ ሲዘልቅ በክረምቱ የስንቅ ማነስ ክፉኛ አስቸግሮት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በመስከረም ወር በካማሺ ዞንና በአጎራባቹ በወለጋ ግጭት ተነሥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ እጅግ ብዙ ሺህ ሕዝብም ቤቱንና አዝመራውን ጥሎ ተሰደደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መንገዱ አንድ ጊዜ ሲከፈት አንድ ጊዜ ሲዘጋ ቆየ። በመተከል ዞንም መከራው ጸና፤ በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከ100 የሚበልጥ ሰው ተገደለ። ከዚህ ሁሉ ኀዘን አጠገብ ስለ አንድ ጠርሙስ ዘይት መጻፍ ቀላል ነገር እንደሚመስል ዐውቃለሁ፤ ቢሆንም እኔ የተፈተንሁት በዘይት ነው።

መንገዱ ሲዘጋ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ገበያ ወጥቼ ዘይት በጀሪካን፣ ስኳርም በኩንታል ገዝቼ ቁልፍ ባለው ክፍል ማስገባት ነው። ቀጥዬም የቤቱን ገቢና ወጪ በየቀኑ የሚመዘገብበት ትልቅ ደብተር ከፈትሁ፤ እኔ የደመወዙንና የገበያውን፣ ባለቤቴ የጓዳውን እንድንጽፍ ሥርዐት አደረግሁ። ደብተር መያዙስ መልካም ነው፤ ለማንኛውም ባለ ትዳር እመክራለሁ። በመጀመሪያው ወር ብቻ እኔ በሻይ ቤት የማወጣው ገንዘብ ለልጆቼ ደብተርና እርሳስ ከሚወጣው እንደሚበልጥ አይቼ ከሻይ ቤት ቀረሁ። በዚህም እጅግ ተመካሁ፤ ለባልንጀሮቼም ሳልጠየቅ አወራሁ።

በሁለተኛው ወር ግን በባለቤቴ ጽሕፈት «ዘይት አንድ ብርጭቆ ፈሰሰ» የሚል ቃል አገኘሁ። በሳምንቱ ደግሞ ፈሰሰ። እንዲህ እያለ አራት ጊዜ ሲደጋገም ታግሼ መኖር አልቻልሁም፤ በልጆቻችን ፊት ስለ እጇ መልፈስፈስና ስለ ዘመኑ ክፋት ረጅም ንግግር አደረግሁባት። እርስዋ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፤ አንዳችም አልመለሰችም። ዘይቱ ግን መፍሰሱን አልተወም።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጆቹ ቤት ስለ ዋሉ ትምህርታቸውን እንዳይረሱ ማታ ማታ ሒሳብ አስተምራቸው ጀመር፤ ለመለማመጃም ያንኑ የቤት ደብተር ሰጠኋቸው። ትልቋ ልጄ ያለፈውን ዓመት የዘይት ሒሳብ ስትደምር ቆይታ፣ «አባባ፣ ዘይቱ ለምን ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ይፈሳል?» አለችኝ።

ማክሰኞና ዓርብ በዚያ ዓመት እኔ በስብሰባ የማመሽባቸው ቀኖች ነበሩ። ስብሰባው ስለ ምን እንደ ነበረ ባልጽፈው በወደድሁ፤ ዕቃ ስለሚደብቁ ነጋዴዎች ነበር።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴን ጠየቅኋት። በጎረቤታችን፣ በአንዲት በዕድሜ በገፉ የበርታ ተወላጅ ቤት፣ ሕፃን የታቀፈች ተፈናቃይ ሴት ተጠግታ ኖራለች፤ ዘይቱ የሚሄደው ወደዚያ ነው። «ታዲያ ሰጠሁ ብለሽ ለምን አልጻፍሽም?» ብላት፣ «ሰጠሁ ብል ትቆጣለህ፤ ፈሰሰ ብዬም ተቆጣህ። ቁጣው ካልቀረ ዘይቱ ለሚጠቅመው ሰው ይሁን ብዬ ነው» አለችኝ። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ ሐሰት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ሐሰትን ያስተማራት የእኔ ቁልፍና የእኔ ደብተር መሆኑን በዚያች ሌሊት ተረዳሁት፤ እንቅልፍም አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ጥቂት ዘይት ይዤ ወደ ጎረቤታችን ሄድሁ። እነዚያን እናት በየማለዳው በትከሻቸው ላይ በጣሉት እንጨት ጫፍና ጫፍ ሸክማቸውን አንጠልጥለው ሲያልፉ አያቸው ነበር እንጂ፣ ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። እቤታቸው ከእኛ ጓዳ የተረፈውን ሩብ የሚያህል እንኳ የለም። «እማማ፣ እስከ ዛሬ ሳልጠይቅዎ ቀረሁ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሥራ አለብህ» አሉኝና ቡና አፈሉልኝ። ስለ ዘይቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ዝምታቸው ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ከእርሳቸው ብዙ ተምሯል። ነጋዴ አጥቶ በየዛፉ ሥር የሚበሰብሰውን ማንጎ ባለቤቴ ቀጭን ቀጭን አድርጋ ቈርጣ በፀሐይ ታደርቅ ጀመር። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ መብላት ለመድን፤ ልጆቼ ከእኔ ቀድመው ወደዱት። በክረምትም ገና ከመሬት የወጣውን የቀርከሃ ቡቃያ ልጠው ቀቅለው እንዴት እንደሚሠሩት አሳዩን። እኔ ዓመታት ሙሉ በዚህ አገር ተቀምጬ የፋብሪካ ዕቃ ሲጠፋ ረኃብ መጣ ብዬ ስጮኽ፣ የአገሩ ሰው የሚበላውን ምን እንደ ሆነ እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። የአንድን አውራጃ ጉዳይ በወረቀት እየመረመርን የጎረቤታችንን ድስት የማናውቅ ሹሞች እኔ ብቻ አልመስለኝም።

የጓዳውን ቁልፍ አነሣሁ። በደብተሩም ላይ ምክንያት የማይጠየቅበት «የተሰጠ» የሚል አንድ ረድፍ ጨመርሁ። ልጄ በየወሩ መጨረሻ ትደምረዋለች፤ ድምሩ እኔ ከፈራሁት እጅግ ያነሰ ነው። ያቺ ተፈናቃይ ሴትም ኋላ ዘመዶችዋን አግኝታ ሄዳለች፤ ስትሄድ የተሰናበተችው ባለቤቴን ነው።

ፈጽሜ ታርሜአለሁ ብዬ እንዳልጽፍ ግን ደብተሩ ይመሰክርብኛል። በ2014 ዓ.ም. መንገዱ እንደ ገና በተዘጋ ጊዜ ከሚያስፈልገን በላይ ስኳር ገዝቼ አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር፤ ያገኘችውም ያችው ልጄ ናት። ገጹን ገልጣ «ስኳር፤ የተደበቀ» ብላ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችው። ባለቤቴም ብትሆን ስለ ዘይት ተቆጥቻት ባላውቅም፣ ጠርሙሱን እስከ ዛሬ የምታኖረው እኔ ከማላየው ቦታ ነው።