ትንሽ ተጠቅሞ ብዙ መክፈል፦ የቴክሳስ የመብራት ውል እንዴት ይነበባል?

ዳላስ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት የመብራት ቢል ከቦርሳቸው አውጥተው «ልጄ፣ እስኪ እነዚህን እይልኝ» አሉኝ። አንዱ የኦገስት፣ ሌላው የኦክቶበር ነው። በኦገስት ሐሩር ኤሲው ቀን ከሌት ሲሠራ ከርሞ ቆጣሪው 1,040 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጥሯል፤ የከፈሉት 118 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። በኦክቶበር ኤሲውን አጥፍተው የተጠቀሙት 640 ብቻ ነው፤ የመጣባቸው ግን 134 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ፍጆታቸው በ400 ሲቀንስ ሒሳባቸው በ16 ዶላር ጨመረ። «ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ቆጣሪው ደህና ነበር፤ ሒሳቡም አልተሳሳተም። ገንዘባቸውን የወሰደው ከጥቂት ወራት በፊት በራቸውን አንኳኩቶ በአማርኛ ያግባባቸው ሻጭ ባስፈረማቸው ውል ውስጥ ያለ አንድ ቃል ነው። በቴክሳስ የመብራት ገበያ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ዋጋ ይመስላል፤ እውነተኛው ዋጋ ያለው ግን በውሉ ቃላት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንድ ቢል፣ ሦስት ባለቤት

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው መብራት ሻጩ አንድ ነው። የቀድሞው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ማመንጨቱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢሰጥም፣ ደንበኛው ደጃፍ የሚደርሰው ያው አንድ ሻጭ ነው። ቴክሳስ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ሴኔት ቢል 7 የተባለውን ሕግ አጽድቆ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ሽያጩን ለውድድር ከፈተው።

ሕጉ ሥራውን ለሦስት አከፋፈለው። አመንጪዎቹ ኃይሉን በጅምላ ይሸጣሉ። ምሰሶው፣ ሽቦውና ቆጣሪው የመስመር ኩባንያው ነው፤ በዳላስና በፎርት ዎርዝ ኦንኮር፣ በሂውስተን ሴንተርፖይንት ይባላል። ሦስተኛው ቸርቻሪው ነው፤ ውል የሚያስፈርመንም ቢል የሚልክልንም እሱ ነው። ኤርኮት የተባለው ተቋም የኃይል መረቡን ሚዛን ይጠብቃል፤ የስቴቱ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ደግሞ ደንቡን ያወጣል፣ ይቆጣጠራል።

ይህን ያወቀ ሰው ሁለት ነገር ይቀልለታል። መብራት ሲጠፋ የሚደወለው ለመስመር ኩባንያው ነው፤ ቸርቻሪ ስለቀየርን መብራቱ አይሻልም፣ አይብስምም፤ ሽቦው ያው ነውና። ቢሉ ላይ «ቲዲዩ ዴሊቨሪ ቻርጅ» የሚለው ክፍያም የዚሁ የመስመር ኩባንያ ድርሻ ነው። ኮሚሽኑ ያጸደቀው ስለሆነ ከየትኛውም ቸርቻሪ ብንገዛ አይለወጥም። ሻጩ በቃሉ የጠራልን ሳንቲም ይህን መጨመር አለመጨመሩን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ምርጫው በሁሉም ከተማ የለም። ኦስቲንና ሳን አንቶኒዮ የከተማቸውን ድርጅት ይዘው ቀርተዋል፤ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ጋርላንድም ከ1923 ጀምሮ የራሷ የመብራት ድርጅት አላት። ለቦክ ግን በ2024 ወደ ውድድሩ ገብታለች።

የ1,000 ወሰን

የሚሸጠው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 1,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የእኚህ እናት ውል ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 16 ሳንቲም ለኃይሉ፣ 5 ሳንቲም ለመስመሩ፣ በድምሩ 21 ሳንቲም ያስከፍላል፤ ግብሩንና ጥቃቅኑን ክፍያ ለአቆጣጠር እንዲቀል ትቼዋለሁ። ስለዚህ የአንድ ቀን እንጀራ 63 ሳንቲም ይፈጃል ማለት ነው።

ታዲያ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው 11 ሳንቲም ከየት መጣ? «ቢል ክሬዲት» ከሚለው ቃል ነው። ውሉ በወር 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለተጠቀመ 100 ዶላር ይቀንሳል። ልክ በ1,000 ላይ 210 ዶላር ይመጣና 100 ተቀንሶ 110 ይቀራል፤ ለአንዱ 11 ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው። በ999 ላይ ግን ክሬዲቱ የለም፤ ሒሳቡ 209 ዶላር ከ79 ሳንቲም ነው። አንዲት ኪሎ ዋት ሰዓት ስለጎደለች ወደ 100 ዶላር ይታጣል። በ500 ላይ ዋጋው ሙሉው 21፣ በ2,000 ላይ ደግሞ 16 ሳንቲም ነው። እኚህ እናት በኦገስት ወሰኑን አለፉ፤ በኦክቶበር ቆጠቡና ከወሰኑ በታች ወደቁ። የቆጠቡበትን ነው የተቀጡት።

1,000 እንዲሁ አልተመረጠችም። ቸርቻሪ ሁሉ ከውሉ ጋር «ኤሌክትሪሲቲ ፋክትስ ሌብል» የተባለውን ወረቀት እንዲያቀርብና አማካይ ዋጋውን በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ኪሎ ዋት ሰዓት እንዲያሳይ ይገደዳል። ኮሚሽኑ በከፈተው «ፓወር ቱ ቹዝ» በተባለው ማነጻጸሪያ ላይ ብዙው ሰው የሚያየው የ1,000ውን ዋጋ ነው። ዓይን ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ሲታወቅ፣ በዚያች ነጥብ ላይ ብቻ የሚያምሩ ውሎች ተሰፉ። መድኃኒቱ የ500ውንም የ2,000ውንም ማየት ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ተራርቀው ከተገኙ፣ በመካከላቸው ክሬዲት ወይም የአነስተኛ ፍጆታ ቅጣት እንዳለ እንወቅ። ቀጥሎ የአሥራ ሁለት ወር ቢሎቻችንን አውጥተን በስንቱ ወር ወሰኑን እንደምናልፍ መቁጠር ነው።

በአገር ቤት ታሪፉ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ ይከፍላል። የክሬዲት ውል የዚህ ተቃራኒ ነው። ብቻዋን በአንድ መኝታ ቤት የምትኖር አሮጊት ከባለ ትልቅ ቤት ጎረቤቷ ይልቅ በአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የበለጠ ትከፍላለች። ሕግ አልተጣሰም፤ ፍትሕ ግን አለ ለማለት ይከብደኛል።

ቋሚ፣ ተለዋዋጭ፣ ጅምላ ተከታይ

«ፊክስድ ሬት» ማለት በውሉ ዘመን ቸርቻሪው የራሱን ዋጋ አይነካም ማለት ነው። የመስመር ክፍያው በኮሚሽኑ ፈቃድ ሲለወጥ ግን ለውጡ ወደ እኛ ይተላለፋል፤ «ቋሚ አይደል እንዴ?» የሚል ቅሬታ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። «ቫሪያብል ሬት» ከወር ወር የሚሄድ ሲሆን ቸርቻሪው ዋጋውን በየወሩ ሊቀይረው ይችላል። ቋሚ ውል አልቆ ዝም ያለ ደንበኛም የሚገባው ወደዚሁ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት የጅምላውን ዋጋ በቀጥታ ወደ ቤት የሚያመጣው ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ዩሪ የተባለው የበረዶ ማዕበል ቴክሳስን ሲመታ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና የንግድ ቦታዎች ጨለሙ፤ ስቴቱ ራሱ የቆጠረው የሟች ቁጥር 246 ነው። የጅምላው ዋጋ ለአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት 9,000 ዶላር ላይ ለቀናት ተሰቀለ፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 9 ዶላር መሆኑ ነው። በዚያ ዋጋ የቅድሟ የምጣድ እንጀራ 27 ዶላር ትፈጃለች። በጅምላ ዋጋ ይሸጥ የነበረው የግሪዲ ደንበኞች መብራት ስላልጠፋባቸው ብቻ በሺህ የሚቆጠር ዶላር መጣባቸው። ድርጅቱ ከወር በኋላ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ የስቴቱ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት እንዲህ ያለ ውል ለመኖሪያ ቤት እንዳይሸጥ ከለከለ። 9,000 የነበረው የጅምላው ዋጋ ጣሪያም ወደ 5,000 ዶላር ዝቅ ብሏል።

መግቢያው እና መውጫው

ከአንድ ቸርቻሪ ወደ ሌላ የዞረ ሰው ሐሳቡን ለመለወጥ ሦስት የሥራ ቀን አለው፤ ቅጣት የለበትም። ከዚያ በኋላ ውል ያፈረሰ «ኧርሊ ተርሚኔሽን ፊ» ይከፍላል፤ መጠኑ አማካይ ዋጋውን በሚያሳየው በዚያው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ቤት ለቅቆ ወደ ሌላ አድራሻ መሄዱን ያስረዳ አይከፍልም። ውሉ ሊያልቅ 14 ቀን ሲቀረውም ያለ ቅጣት መውጣት ይቻላል። ያቺ ቀን በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ልትከበብ ይገባታል፤ ካለፈች ተለዋዋጩ ዋጋ እየጠበቀን ነው።

አንድ መብት ግን ከሁሉም በላይ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። በኮሚሽኑ ደንብ መሠረት ደንበኛው የውሉን ሰነድና ያንን የዋጋ ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ ወይም ሽያጩ በተካሄደበት ቋንቋ የማግኘት መብት አለው። በአማርኛ ያግባባ ሻጭ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀትም ዕዳ አለበት ማለት ነው። ገበያው የተሠራው ገዢው አንብቦ ይመርጣል በሚል እምነት ነው፤ ማንበብ የማይችለውን ወረቀት የፈረመ ሰው ምን መረጠ ይባላል?

እኚያ እናት ሁለቱን ቢሎች መልሰው ከማጠፋቸው በፊት ሁለት ነገር አደረግን። ውላቸው የሚያልቅበትን ቀን አግኝተን፣ ከዚያ 14 ቀን ወደ ኋላ ቆጥረን በትልቁ ጻፍንላቸው። ከዚያም ለቸርቻሪው ደውለው «በአማርኛ ነው የሸጣችሁልኝ፤ ወረቀቱንም በአማርኛ ላኩልኝ» እንዲሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ በግዕዝ ፊደል ጻፍኩላቸው። ቆመው ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት።