የሞተርን ዘይት ከላይ ስለ መቅዳት

አውቶሞቢል የገዛ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በየወሩ ለቤንዚን የሚያወጣውን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ድረስ ያውቀዋል፤ በሞተሩ ውስጥ ስለሚዞረው ዘይት ግን የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቤንዚን ሲያልቅ መኪናው ይቆማል፤ ዘይት ግን የሚያረጀው በዝምታ ነው። ጉዳቱ የሚሰማው ሞተሩ መንኳኳት ከጀመረ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ገንዘብ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። በተለይም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን አሮጌ ቪትዝ በሌላ እለውጣለሁ ማለት እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም።

ዘይት የሚለወጥበት የተለመደው መንገድ የታወቀ ነው። መኪናው በክሪክ ይነሣል፣ ሰውየው ከሥር ገብቶ በጀርባው ይተኛል፣ በኮፓው ሥር ያለውን ቡሎን በመፍቻ ይፈታል፣ ጥቁሩም ዘይት ወደ ሳህኑ፣ ከፊሉም ወደ እጅጌው ይወርዳል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ አደጋው ግን ቀላል አይደለም። ክሪክ መኪና ለማንሣት እንጂ ሰው ከሥሩ ሆኖ እንዲሠራበት የታሰበ ዕቃ አይደለም፤ ግቢው ተዳፋት ወይም አፈሩ ለስላሳ ሲሆን ይንሸራተታል። መግባት ግድ ከሆነ መኪናው በጠንካራ የብረት እግር ላይ መቀመጥ አለበት፤ ብሎኬትና ድንጋይ አይታመኑም።

ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች ከላይ መቅዳትን ይመርጣሉ። ይኸውም ኮፈኑን ከፍቶ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ እስከ ኮፓው ድረስ አስገብቶ፣ ዘይቱን በፓምፕ መሳብ ነው። በጀልባ ሞተር ሥር ሰው የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ባለጀልባዎች ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት ኖረዋል። ስማርት የምትባለው ባለሁለት ወንበር ትንሽ አውቶሞቢልም በመጀመሪያ ስትወጣ የማፍሰሻ ቡሎን ሳይደረግላት በመቅረቱ፣ ዘይቷ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነበር።

ዕቃው «የሲፎን ፓምፕ» እየተባለ ይጠራል፤ ስሙ ግን ያሳስታል። ሲፎን ማለት ቤንዚን ወይም ላምባ ከጀሪካን ወደ ጀሪካን በጎማ የሚቀዳበት ዘዴ ነው፤ ፈሳሹ በራሱ የሚወርደውም የጎማው መውጫ ጫፍ ከሚቀዳው ፈሳሽ ገጽ ዝቅ ሲል ብቻ ነው። የአውቶሞቢል ኮፓ ከመሬት ከፍ የሚለው በአንድ ስንዝር ገደማ ስለሆነ መቀበያው ዕቃ ከዚያ በታች የሚቀመጥበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው የአየር ግፊት ነው። ፓምፑ ከተዘጋው ዕቃ ውስጥ አየሩን ያወጣል፤ የውጭው አየር ደግሞ በኮፓው ያለውን ዘይት ተጭኖ በቱቦው ወደ ላይ ይገፋዋል። ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ በ17ኛው መቶ ዓመት በሜርኩሪ ያሳየው ይኸው ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነውና «እዚህስ ይሠራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይታጣም። ይሠራል። በስሌት ይህ ግፊት ዘይትን እስከ 8 ሜትር ከፍታ ለማንሣት ይበቃል፤ ከኮፓው እስከ መለኪያው አፍ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር አያልፍም። እንደ ላምባ በአፍ መሳብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ያረጀ ዘይት መርዝ ነው።

ዋናው ጥበብ ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ ዘይት እንደ ማር ወፍሮ በቀጭን ቱቦ አልሄድ ይላል። ስለዚህ ሞተሩ 5 ወይም 10 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ይጠፋል፤ ዘይቱም ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ይጠበቃል። እጅግ የጋለ እንደሆነ እጅ ያቃጥላል፣ የፕላስቲኩንም ቱቦ ያልመዋል። ቱቦው የኮፓውን መሬት እስኪነካ ይገባል፤ መንካቱም በጣት ይታወቃል። ከዚያ በላይ የገፋው እንደሆነ ጫፉ ተጠማዞ ወደ ላይ ይመለስና ዘይቱን ትቶ አየር ይስባል። በመጨረሻ የወጣውን ዘይት መስፈር ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አነስተኛ ቶዮታ ከ3 እስከ 4 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ትክክለኛው ልክ በመኪናው መጽሐፍ ተጽፏል። መጽሐፉ 3 ሊትር ተኩል እያለ የወጣው 2 ብቻ ከሆነ ወይ ሞተሩ ዘይት በልቷል፣ ወይ ከታች የቀረ አለ። ይህን ሳይለይ 3 ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት የሚጨምር ሰው ሞተሩን ከልክ በላይ ሊሞላ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚሽከረከረው የሞተሩ ዘንግ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይጠብቅም። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ በመለኪያው ዘንግ ማየት ይሻላል።

መካኒኮች «ከላይ የተቀዳ ዘይት አተላውን ትቶ ይወጣል» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ዛሬ የሚሸጠው ዘይት ቆሻሻውን ተሸክሞ እንዲዞር የሚያደርግ ቅመም ስላለበት፣ በጊዜው የሚለወጥለት ሞተር ብዙ አተላ የለውም፤ ለዓመታት የተረሳ ሞተር ግን አተላው ከሥር ይቀራል። በአየር የምትቀዘቅዘው የድሮዋ ቮልስዋገን ደግሞ ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ከሞተሯ ሥር የተደረገ የሽቦ ወንፊት ነው። 2 ሊትር ተኩል ዘይቷን ከላይ ቢቀዱት ወንፊቱ ሳይታጠብ ይቀራልና ለእርሷ ይህን ዘዴ አልመክርም። ሌሎቹም ቢሆኑ ፊልትሯቸው ከሥር ከሆነ መግባቱ አይቀርም። ፓምፑ ዋጋውን የሚያወጣው ፊልትሮው ከላይ በሚደረስበት ሞተር ላይ ነው።

የወጣውን ዘይት ወደ ቦይ ማፍሰስ ነውር ነው፤ በአዲስ አበባ ቦይ የገባ ሁሉ መድረሻው የአቃቂ ወንዝ ሲሆን፣ በዚያ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ። ያረጀ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ መስጠት ይቻላል። እስከዚያው በጀሪካን የሚቀመጥ ከሆነ፣ የምግብ ዘይት የመጣበት ቢጫ ጀሪካን እንዳይሆን፤ ቤት ውስጥ ሌላ ከሌለ ግን «የሞተር ዘይት» ተብሎ በትልቁ ይጻፍበትና ከወጥ ቤት ርቆ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።