ሠርግ ሲቃረብ ክዊልት መጨረስ

አሜሪካውያን ክዊልት የሚሉት የአልጋ ልብስ ሦስት ንብርብር አለው፤ ላዩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መሀሉ የተነደፈ ጥጥ፣ ሥሩ ገበር። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከላይ እስከ ታች ዘልቆ የሚያልፍ ስፌት ነው። ብዙ ጊዜ ለሠርግና ለልጅ መወለድ በስጦታ ስለሚሰጥ ቀኑ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። ጀማሪን የሚያሳስተው ደግሞ ላዩ ነው። ዐይን የሚስበው እሱ ስለሆነ፣ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ሥራው የተገባደደ ይመስላል። ንብርብሮቹን ማያያዝ፣ መስፋትና ጠርዙን መዝጋት ግን ገና ናቸው፤ በእጅ ሲሠሩም ላዩ ከፈጀው ጊዜ የበለጠ ሊፈጁ ይችላሉ።

ስለዚህ ቀን የሚቆጠረው ከሠርጉ ወደ ኋላ ነው። የመጨረሻው ቀን ለማጠብና ለማድረቅ ይቀመጥ። ከእሱ በፊት ያሉት ጥቂት ምሽቶች የጠርዙ ናቸው። ማያያዙና መስፋቱ ከዚያ በፊት ይመደባል። የቀረው፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለላዩ ይሆናል፤ ንድፉም በዚያው ልክ ይመረጣል። ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የበዙበት ንድፍ አንድ ወር ለቀረው ሰው አይሆንም። ሰፋፊ አራት ማዕዘንና ረጃጅም ቅዳጅ ቶሎ ያልቃል፤ ውበትም አይጎድለውም።

ለዚህ ምስክር የማደርጋት በአሜሪካ፣ በአላባማ ወንዝ እጥፋት ላይ ያለችው የጂስ ቤንድ መንደር ናት። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ እዚያው እርሻ ላይ በባርነት ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ያረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ እየቀደዱ ክዊልት ይሰፉ የነበረው ቤታቸው ብርድ ስለሚያስገባ ነው፤ ብርዱም ቀጠሮ አይሰጥም። ብዙዎቹ ክዊልቶች በሰፋፊ ቁራጮች፣ ዐይን በመራበት የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ሲታዩ ተመልካችን ያስደመመው ይኸው ድፍረታቸው ነው። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ዐሥሩን ቴምብር ላይ አወጣቸው።

በትእዛዝ ለሚሰፋ ሰውም እዚያው ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጂስ ቤንድ በምትገኝበት በዊልኮክስ አውራጃ «ፍሪደም ክዊልቲንግ ቢ» የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ለመደብሮች መስፋት ሲጀመር ልኩም ንድፉም አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። በ1972 ማኅበሩ ለሲርስ ኩባንያ የኮርድሮይ የትራስ ልብስ ለመስፋት ተዋዋለ፤ ከዚያ የተረፈው ቁራጭ ደግሞ በየቤቱ እንደገና ልቅ፣ ደማቅ ክዊልት ሆነ። ለሠርግ የሚሰፋ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ ጥንቃቄው ልኩ ላይ፣ ነፃነቱ ቀለሙ ላይ።

ልኩን እንያዝ። አሜሪካ ውስጥ ኩዊን የሚባለው ፍራሽ 152 በ203 ሴንቲ ሜትር ነው። በሁለቱ ጎንና በግርጌ 35 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ ከተፈለገ ክዊልቱ 222 በ238 ይሆናል። ጥጡና ገበሩ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ተርፈው ይቆረጣሉ፤ ሲሰፋ ይሸሻሉና። ጨርቁ ሁሉ፣ በተለይ ቀዩና ጥቁር ሰማያዊው፣ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፣ ይተኮስ። ጊዜ አጠረኝ ብሎ ይህን የሚዘል ሰው በመጨረሻው ቀን ነጩ ላይ ቀይ ሲፈስበት ሊያይ ይችላል፤ ያኔ ማስለቀቁ ቀላል አይደለም።

ቁራጮቹ ሲጋጠሙ ለስፌት የሚተወው ጠርዝ 6 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም። ነገር ግን በየቁራጩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ 22 ቁራጭ በተደረደረበት ረድፍ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጠፋል፤ ረድፎቹም አይገጥሙም። ፍጥነት የሚገኘው አንዱን ስፌት ሳይበጥሱ ሌላውን ጥንድ ከመኪናው ሥር እያስከተሉ በመስፋት፣ በኋላም ሁሉንም ባንድ ጊዜ በመተኮስ ነው።

አሁን ሁሉም የሚቸኩልበት ቦታ ደረስን። ገበሩ ገጹ ወደ ታች ሆኖ ወለል ላይ ይነጠፋል፤ ሳይለጠጥ ተወጥሮ ዙሪያው በፕላስተር ይያዛል። ጥጡ ከላዩ ይዘረጋና ከመሀል ወደ ዳር በመዳፍ ይደላደላል፤ የተገጣጠመው ላይ በመጨረሻ ይመጣል። ከዚያ ከመሀል ተነሥቶ በየአንድ መዳፍ ርቀት መርፌ ቁልፍ ይሰካል። ጉልበት ያማል፤ ወገብም ይደክማል። ግን በሌላ ቦታ የተሠራ ስሕተት ሊሸፈን ይችላል፤ እዚህ የተኮማተረ ገበር የሚስተካከለው ግን ሁሉን ፈትቶ ብቻ ነው። ሰዓት ከሌለዎት ጌጡን ይቀንሱ፤ መርፌ ቁልፉን አይቀንሱ።

ሙሉ ክዊልትን በእጅ ስፌት መሙላት ወራት ይፈጃል። ቀኑ ከተቃረበ በቋጠሮ ማሰር ይሻላል፤ የሜኖናይት ማኅበረሰቦች ለዕርዳታ የሚልኩትን ብርድ ልብስ ሲያስሩ የኖሩት እንዲሁ ነው። በወፍራም የጥጥ ክር ሦስቱን ንብርብር ወግቶ መመለስ፣ ሁለቴ ማሰር፣ ሁለተኛውን ቋጠሮ ከመጀመሪያው በተቃራኒ ማዞር፣ 2 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ትቶ መቁረጥ። በቋጠሮ መካከል ያለው ርቀት ጥጡ በመጣበት ማሸጊያ ላይ ከተጻፈው መብለጥ የለበትም፤ አለዚያ ሲታጠብ ይጓጉላል። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቢታሰር ወደ 500 ቋጠሮ ይሆናል። ብቻውን ለሆነ ሰው ያሰለቻል፤ ለአራት ሰው ግን የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። የአሜሪካ ገጠር ሴቶች በአንድ ክዊልት ዙሪያ ተሰብስበው የሚሰፉበት ልማድ ክዊልቲንግ ቢ ይባላል፤ ደቦ ነው። ማንንም የማያሳፍር ርዳታ ይህ ነውና ጎረቤት ይጠሩ፣ ቡና ያፍሉ።

ከክዊልቱ ጋር የሚሄደውን የትራስ ልብስ ለመጨረሻ አያስቀምጡት። ጨርቁ ከማለቁ በፊት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ይቆረጥ። 51 በ66 ለሆነው ትራስ ፊቱ 54 በ69 ሴንቲ ሜትር፣ ጀርባው 46 በ54 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ናቸው። የሁለቱ አንድ አንድ ጫፍ ወደ ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር ታጥፎ ይሰፋል፤ ተደራርበው ሲቀመጡ 15 ሴንቲ ሜትር ይነባበራሉ፣ ዚፕም ቁልፍም አያሻም። አንሶላውን ግን ይግዙ። መመሳሰል ማለት አንድ ዓይነት ጨርቅ ማለት አይደለም፤ ከክዊልቱ ውስጥ አንዱን ለስላሳ ቀለም የደገመ አንሶላ ይበቃል። ከአገር ቤት የመጣ ጥለት ማስገባት የሚፈልጉም ትራሱ ላይ ያድርጉት። የሸማ ድር ላላ ስለሆነ ከሥሩ ስስ ጥጥ ጨርቅ ካልተሰፋበት ይተረተራል።

ዙሪያው 920 ሴንቲ ሜትር ነውና ለጠርዙ 6.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ከ110 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ የተቆረጡ 10 ቅዳጆች ያስፈልጋሉ። በመኪና ፊቱ ላይ ይሰፉና ወደ ጀርባ ታጥፈው በእጅ ይዘጋሉ፤ ቀኑ ከደረሰ ይህም በመኪና ይሁን። ከዚያ በፊት ግን በትንሽ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ላይ የሰፊውን ስም፣ የሙሽሮቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በማይለቅ የጨርቅ ቀለም ይጻፉ። በባርነት ተወልዳ በጆርጂያ የኖረችው ሃሪየት ፓወርስ የሰፋቻቸው ሁለት ክዊልቶች፣ አንዱ በስሚዝሶኒያን ሌላው በቦስተን ሙዚየም፣ ከነስሟ ሲቆዩ፣ በዘመኗ የተሰፋው አብዛኛው ክዊልት የማን እጅ ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። ጨርቁ በገበሩ ጥግ ይቀመጥ፤ ሁለት ጎኑን የጠርዙ ስፌት ይይዘዋል፣ የሚቀሩት ሁለቱ ብቻ በእጅ ይሰፋሉ።