ተማሪዎች እየዞሩ የሠሩት ካርታ

ገበሬ እርሻውን ያውቃል። የቱ ማሳ እንደተዘራ፣ የቱ ለግጦሽ እንደተተወ ማንንም ሳይጠይቅ ይናገራል። የአገር በሙሉ ሲሆንስ? የያንዳንዱን ማሳ ነገር ማን ዞሮ ይጽፈዋል?

ይህ ጥያቄ በብሪታንያ ተነሥቶ ነበር። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1930 ነው። ያን ጊዜ ርካሽ እህል ከውጭ ይገባል። የአገሩ ገበሬ ማረስ አላዋጣው ብሎ ብዙ እርሻ ሣር ሆኗል። የቱ እንደሚታረስ፣ የቱ እንደተተወ በየማሳው የሚያሳይ ካርታ ግን አልነበረም። ዱድሊ ስታምፕ የሚባሉ የጂኦግራፊ ምሁር ይህን ካርታ ለመሥራት ተነሡ። ደመወዝ ከፍለው የሚያሠሩት በቂ ሰው የላቸውም። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቶች ሄዱ።

መሬቱ እንዲህ ተከፋፈለ። መጀመሪያ በየአውራጃው ተከፈለ። አውራጃው ደግሞ በወረቀት በወረቀት ተከፈለ። አንዱ ወረቀት የሚይዘው መሬት ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኛ አገር የዱሮ ልክ ወደ 40 ጋሻ ይጠጋል። ልጅ በእግሩ ሊዞረው የሚችል ነው።

የማሳዎቹ ወሰን በወረቀቱ ላይ ቀድሞ ታትሟል። ስለዚህ ገመድ መጎተት የለም። ተማሪው ማሳውን አይቶ አንድ ፊደል ይጽፍበታል፣ በቃ። ለታረሰ መሬት «ኤ»፣ ለሣር «ኤም»፣ ለደን «ኤፍ»። አንዱ ትምህርት ቤት ሣር ያለውን ጎረቤቱ በሌላ ስም እንዳይጠራው፣ ፊደሉ ለሁሉም አንድ ነው። እኛን በጣም የገረመን ይኸ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ሥራ ፊደል ለቆጠረ ሁሉ እንዲበቃ ተደርጎ ተቆረሰ!

ታዲያ ሁሉም ቦታ ፈቃደኛ አልተገኘም። ክፍት የቀረውን ስታምፕና ረዳቶቻቸው ራሳቸው እየሄዱ ሞሉት። አብዛኛው የመስክ ሥራ እስከ 1934 አለቀ። ወረቀቶቹም ለንደን ላይ ተሰብስበው፣ ጎን ለጎን እየተገጣጠሙ በቀለም ታተሙ። የታረሰው ቡናማ፣ ሣሩ ቀላል አረንጓዴ፣ ደኑ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ።

በ1939 ጦርነት መጣ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እህል የጫኑትን መርከቦች ያሰጥሙ ጀመር። ብሪታንያ ደግሞ ከምትበላው የሚበዛውን የምታመጣው በባሕር ነበር። መንግሥት ሣሩ ይታረስ አለ። የትኛው ሣር? ይህን ለመለየት ልጆቹ የጻፉት ካርታ ተዘረጋ።